ውሃው ነው ወይስ መብራቱ የመጣው?

ልጄ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆና «እማ፣ ውሃው ነዘረኝ» አለችኝ። ከወለደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። በባዶ እግሯ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማለች።

ያገባችው ገለምሶ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ግን እንደ ወጉ ጭሮ ከተማ፣ እኔ ቤት መጥታ ወለደች። የአራስ ወገብ ሙቅ ውሃ ይፈልጋል። እኔን ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ቤታችን ዳገቱ ላይ ስለሆነ ውሃው ታች ያሉትን ሁሉ አዳርሶ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው፤ ሲደርስም እንደ ክር ቀጥኖ። ቦይለር ካስገባን ወዲህ ደግሞ ባሰ። ቀዝቃዛው ክር ከሆነ ሙቁ ጠብታ ነው፤ ባልዲው እስኪሞላ ቀድሞ የገባው ይቀዘቅዛል። የቧንቧ ሠራተኛውን ስንቴ ጠራሁት። የውሃ ሮቶው ዝቅ ብሏል፣ ከፍ ያለ ብረት ላይ ይውጣ ይለኛል፤ ቧንቧውን ፈትቶ አሸዋ ያራግፋል፤ ሁለት ቀን ደህና ይሆንና ያው ነው። እኔ ቧንቧውን ስሰድብ ልጄ ትስቅብኛለች፣ ከቧንቧ ጋር የተኳረፈች ሴት አንቺን ብቻ አየሁ እያለች።

ልጄን ውሃው በነዘራት ቀን ዋዜማ ሠራተኛው ቦይለሩን ባዶ አድርጎ አጥቦት ነበር። ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ሳይመጣ እንዳታበሪው ብሎ አስጠንቅቆኝ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ውሃውም መብራቱም የሉም። ልጄ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ እኔ ሕፃኑን ታቅፌ ውጭ፣ የቦይለሩ ማብሪያ አጠገብ ቆሜያለሁ። በየመሃሉ «መጣ?» እላታለሁ፤ አልመጣም ትለኛለች። በኋላ «መጣ» አለችኝ። ማብሪያውን ጫንኩት።

እኔ የጠየቅኳት ስለ ውሃው ነው። እሷ የነገረችኝ አምፖሉ መብራቱን ነው። እኛ ጋ ውሃም ይመጣል፣ መብራትም ይመጣል፤ ቃሉ አንድ ነው። ባዶው ቦይለር ለብቻው ሲነድ ቆየ፤ ውሃው ዘግይቶ ገባበት፤ ልጄም እጇን ወደ ውሃው ዘረጋች፤ ያኔ ነዘራት።

«እንዳትነኪው፣ ወደ ግድግዳው ሽሺ» አልኳት። ሕፃኑን ምንጣፉ ላይ አስተኛሁት። ማብሪያውን ልነካ ስል እጄ እርጥብ መሆኑን አየሁ። መጥረጊያውን አንስቼ በእንጨቱ ገፋሁት፤ ቀይዋ መብራት ጠፋች። መጥፋቷንም አላመንኩም፤ ሮጬ ቆጣሪው ላይ ያለውን ዋና ማጥፊያ አወረድኩት። ከዚያ ነው በሩን ከፍቼ ልጄን በፎጣ ጠቅልዬ ያወጣኋት።

ሠራተኛው ሲመጣ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ብረት ፈንድቶ አገኘው። መሬት ውስጥ መግባት ያለበት ሽቦም ከመጀመሪያው አልተገጠመም። ታሪኩን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«አዴ፣ ከእንግዲህ ውሃ ሲሆን በኦሮምኛ ‹ቢሻን› በሉ። ሁለት ቋንቋ እያላችሁ በአንድ ቃል ልትሞቱ?»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው።

ቦይለሩን ከግድግዳው አስወረድኩት፤ ሽቦውንም አስቆረጥኩ። ከሰል ላይ ትልቁን ድስት ጥጄ ውሃ አሞቅኩና የልጄ ወገብ ላይ በጆግ እያፈሰስኩ አጠብኳት። «ነዘረሽ?» አልኳት። «አቃጠለኝ እንጂ አልነዘረኝም» አለችኝ።

ቧንቧው አሁንም ክር ነው፤ አሁንም እሰድበዋለሁ። ልጄ ግን ደህና ናት፣ ሕፃኑም ደህና ነው። እኔም አሁን አልፈራም።