በሸርተቴ ጫማ ወደ ጭላሎ

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሆነን ከኃይሌ ጋርመንት ስንነሳ ዓላማችን አንድ ነበር፤ በጋራ የገዛነውን የበረዶ ተራራ መውጫ ዕቃ ጭላሎ ተራራ ላይ መሞከር።

ዕቃው ከሰፈራችን የሳልባጅ ነጋዴ የተገዛ ነው። ነጋዴው ቦንዳውን ሲፈታ ከጃኬቶቹ መሃል በበረዶ ሸርተቴ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ዕቃ ወጣ፦ አንድ ጥንድ ጠንካራ የፕላስቲክ ቦት፣ ሁለት ምርኩዝ፣ ትልቅ መነጽር፣ እንዲሁም አንድ ወገኑ ሙጫ ሌላው ወገኑ አጭር ፀጉር የሆነ ረጅም ጨርቅ። ሸርተቴዎቹ ራሳቸው አልነበሩም። ዕቃውን ለቡ እነሐና ግቢ ወስደን ዕጣ ተጣጣልን። ምርኩዙ ፋርማሲ ለምትሠራው ለሐና፣ መነጽሩ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለኢዮብ፣ ቦቱ የወለል ሴራሚክ ለሚያነጥፈው ለቢኒያም ወጣ። ፀጉራሙ ጨርቅ የእኔ ሆነ። በቡድናችን ደንብ ዕጣ የሰጠው አይለወጥም።

ስለ ተራራ ዕቃ የማውቀው ሁሉ ከስልኬ ቪዲዮ የተለቀመ ነው። ቦቱን ሳገላብጠው አዲስ ይመስል ነበር፤ ሶሉ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ያም ሆኖ ልቤ አልረጋም።

ከቃሊቲ እስከ አሰላ

ከቃሊቲ መናኸሪያ የአዳማ አውቶቡስ ያዝን። ቢሾፍቱን እስክናልፍ ወሬው ሁሉ ስለ ዕቃው ነበር።

«እነዚህ ፈረንጆች ግን ሊፍት እያለላቸው ለምን በእግራቸው ይወጣሉ?» አለች ሐና።

«ሰው ያልረገጠው በረዶ ፍለጋ ነው» አልኳት። «ጨርቁን ከሸርተቴው ሆድ ላይ ይለጥፉታል። ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ወደ ፊት ሲገፉት ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል ግን በረዶውን ይይዛል። ጫፍ ሲደርሱ ይልጡትና ይወርዳሉ።»

«እሺ፣ አንተ ሸርተቴ የሌለው ጨርቅ ይዘህ ምን ልትሆን ነው?» አለ ኢዮብ።

«በሩ ላይ ያነጥፈዋል» አለ ቢኒያም። «ከዚያ ሰው ሁሉ እግሩን ካልጠረገ አያስገባም። ጠባዩን ታውቁት የለ!»

አዳማ ላይ ሽሮ በልተን በሚኒባስ ወደ አሰላ ቀጠልን። መንገዱ ሽቅብ ሲሆን ሙቀቱ ቀነሰ፤ የስንዴው ማሳ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ዝቅ ያለ ነበር። ከዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሆቴል ውስጥ ሁለት ክፍል ያዝን። ቢኒያም አልጋው ላይ ተቀምጦ ቦቱን ለካ።

«ጣትህ ጫፉን አይነካም?» አልኩት።

«ኧረ ልክ ነው! ምነው፣ ዕጣዬን ልትቀማኝ አሰብክ እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ሲያወልቀው ግን የእግሩ ጣቶች ቀልተው አየኋቸው። ክፍሉ ውስጥ ብርዱ ቀላል አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣሁት ግን በብርዱ አይደለም።

እሑድ፣ ሽቅብ

በማለዳ ባጃጅ ይዘን መንገዱ እስከሚያበቃበት የገብስ ማሳ ድረስ ወጣን። ቢኒያም ሻንጣው እንዲቀልለው ብሎ ስኒከሩን ሆቴል ትቶታል። ይህን የነገረን ባጃጁ ከተመለሰ በኋላ ነው።

መጨረሻው ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ፈረስ ይጭናሉ። አዴ ከዲጃ ይባላሉ።

«ከየት ነው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«ለምን መጣችሁ?»

«ብርዱን ለማየት» አለች ሐና።

አዴ ከዲጃ የቢኒያምን ቦት ከላይ እስከ ታች አዩት። «ብርድ ይታያል እንዴ ልጄ? እኛስ ሲሄድልን ነው ደስ የሚለን» አሉና ሳቁ። «ጉሙ ከመጣ ወደዚህ ተመለሱ፤ ወደ ማዶ እንዳትሄዱ።»

ሳሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። የገብሱ ማሳ አልቆ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ጀመረ፣ ከአስታው በላይ ሰው የሚያክሉት ጅብራዎች አንድ አንድ ሆነው ቆመዋል። ቢኒያም መጀመሪያ ከፊት ነበር። ቀጥሎ መሃል ሆነ። ከዚያ ከእኔ ኋላ ቀረ፤ ቀልዱንም አቆመ። ቢኒያም ዝም ሲል ደግ አይደለም።

ጉሙ ከጫፉ ወረደና ከአሥር እርምጃ በላይ ማየት አቃተን። ወዲያው በረዶ ጣለ፤ ሽምብራ የሚያህል፣ ጆሮ የሚገርፍ። ጋብ ሲል ቁልቁለቱ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ኢዮብ መነጽሩን አጥልቆ «በቃ፣ ስዊዘርላንድ ገባን!» ብሎ ጮኸ። የሳቀለት አልነበረም፤ ከኋላችን ቢኒያም ቁጭ ብሎ ነበር።

የቀኝ ቦቱ ሶል እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ ወድቋል። ፕላስቲክ ሳይለበስም በመቀመጥ ብቻ እንደሚበሰብስ አንድ ቦታ ሰምቻለሁ፤ ያኔ ግን አላስታወስኩም። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል።

«ጫፉ እዚህ እኮ ነው» አለ ኢዮብ።

«እንሂድ፣ በእኔ ምክንያት አትመለሱ» አለ ቢኒያም።

«ጣቶችህን አንቀሳቅስ» አልኩት።

«እያንቀሳቀስኩ ነው።»

«ሲንቀሳቀሱ ይሰማሃል?»

ራሱን ግራ ቀኝ ነቀነቀ። እኔ በቡድኑ ውስጥ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። «እንወርዳለን» አልኩ። ኢዮብ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ የቢኒያምን ፊት ሲያይ ዘጋው።

ቁልቁል

ሶሉ የወደቀበት ቦት ሆዱ ልሙጥ ፕላስቲክ ስለሆነ በረዶው ላይ አልቆም አለ። ጨርቄን አውጥቼ በካራ ቆረጥኩና ፀጉሩን ወደ ውጭ አድርጌ ከሁለቱም ቦቶች ሥር ሻንጣዬ ውስጥ በነበረ ገመድ አሰርኩለት። ቢኒያም ሁለት እርምጃ ሄዶ በጀርባው ወደቀና ተንሸራተተ፤ የያዘው አንድ የአስታ ጉቶ ነው። ከጉቶው በታች ጉም እንጂ መሬት አይታይም።

«ልትገድለው ነው!» አለችኝ ሐና።

ጨርቁን በጣቴ ዳበስኩት። ያሰርኩት ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት፣ ፀጉሩን ወደ ተረከዝ አስተኝቼ ነው። እሱ ለሽቅብ ነው። እኛ የምንወርድ ነን፤ መያዝ ያለበት ወደ ፊት ስንንሸራተት ነው። ፈትቼ ገለበጥኩት። ቢኒያም ቀስ ብሎ ቆመ፣ ረገጠ። ያዘ። ደግሞ ረገጠ። ሐና ምርኩዞቿን ሰጠችው፤ እኔ ከፊቱ ሆኜ እያንዳንዱን እርምጃ እያየሁ ወረድን።

አዴ ከዲጃ ሲያዩን ምንም ሳይጠይቁ በሩን ከፈቱ። ቦቱን ለቢኒያም ሳወልቅለት የቀኝ እግሩ ጣቶች ነጭ ነበሩ፤ የሬሳ እንጂ የሰው አይመስሉም። ወደ ምድጃው ሊዘረጋቸው ሲል ሐና ያዘችው።

«እሳቱ አይሰማህም፤ ትቃጠላለህ! ኢዮብ፣ ሸሚዝህን ግለጥ።»

ኢዮብ ሸሚዙን ገለጠና የጓደኛውን እግር ሆዱ ላይ አስቀመጠ። «ወይኔ እናቴ! ምን ሆዴ ላይ ሬሳ ትጭኑብኛላችሁ!» እያለ ሲንፈራገጥ አዴ ከዲጃ ወተት የያዙበት ጣሳ እስኪፈስ ሳቁ። ትኩስ ወተትና በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ሰጡን።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ቀሉ። ቢኒያም ሕመሙ ሲመጣ ጥርሱን ነከሰ። አውራ ጣቱ ግን እንደደነዘዘ ነው።

«ከአሰላ ጀምሮ ጠቦኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ዕጣ አይለወጥም ብላችሁ። ብናገር ማን ይለውጥልኛል?»

ኢዮብ የቢኒያምን እግር ይበልጥ ወደ ሆዱ አስጠጋው።

ወደ ቤት

አዴ ከዲጃ ቢኒያምን በፈረሳቸው ባጃጅ እስከሚገኝበት ድረስ አደረሱልን። ገንዘብ ስንሰጣቸው ተቆጡ፤ ለመንገድ የያዝነውን ሻይ ቅጠልና ስኳር ግን ተቀበሉን። አሰላ ክሊኒክ ውስጥ ያየው ባለሙያ፣ የቦቱ ጥበትና እርጥበቱ ደሙን እንዳገዱት ነገረን። ሌሎቹ ጣቶች ደህና ናቸው፤ የአውራ ጣቱ ስሜት ነገም፣ ከሳምንታት በኋላም ሊመለስ ይችላል፤ ካልተመለሰና ከጠቆረ ግን ሆስፒታል ሂዱ አለን።

አውቶቡስ ውስጥ ማንም ስለ ዕቃ አላወራም። ሞጆ ስንደርስ ቢኒያም በመስኮት እያየ «ሴራሚክ ስታነጥፍ ተንበርክከህ ነው» አለ። «ወደ ፊት የምትገፋው በአውራ ጣትህ ነው።» ሐና እጁን ያዘችው።

ሲመሽ ኃይሌ ጋርመንት ደርሰን ቢኒያምን በታክሲ ለቡ ወደ ቤቱ ወሰድነው። የዚያን ዕለት የተማርኩትን ለቡድኑ በቴሌግራም ጻፍኩ፦ ዕጣ የሚጣለው ሁሉም ዕቃውን ለብሶ፣ ረግጦ፣ ተጎንብሶ ካየ በኋላ ነው፤ አንድ ሰው «ጠበበኝ» ካለ ደግሞ ዕጣው ይፍረስ። ኢዮብ መጀመሪያ ተስማማ። ቢኒያም መልእክቱን አየው እንጂ አልመለሰም።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ። እሱ ነበር።

«ወለሉ ይበርዳል» አለኝ።

«የቱ እግር ነው የበረደህ?»

«ቀኙ።»

«የቱ ጣት?»

«አውራ ጣቱ።»

«አንሳና እንደገና ርገጠው።»

ባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ በስልኩ ሰማሁት።

«ኧረ በጣም ይበርዳል!» ብሎ ጮኸ። «በጣም፣ በጣም ይበርዳል!»