ጅራታሙ ኮከብና የአያቴ ጣት

በእኛ ቤት በጣት መጠቆም አይፈቀድም ነበር። የጠፋች ላም የትኛው ቁጥቋጦ ስር እንደተኛች ለማሳየትም ሆነ፣ ከሐይቅ ገበያ የሚመለሰውን ሰው ከሩቅ ለመለየት፣ እጃችንን ጨብጠን በጡጫችን ነበር የምናመለክተው። ይህን ያስለመዱን አያቴ ናቸው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ አባባ ነበር የምላቸው። ለምን በጡጫ እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። በቀኝ እጅ እንደመብላት ያለ ደንብ መስሎኝ አደግሁ። ሐይቅ ከተማ ፊዚክስ ማስተማር ስጀምር ግን ተማሪዎቼ አላለፉኝም። ሰሌዳ ላይ የሳልኩትን ነገር በጡጫዬ ባመለከትኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ሰሌዳው ምን አጠፋ?» ይላል። ቦክሰኛዋ የሚል ስምም አውጥተውልኛል።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ባለው ዓመት፣ ጅራታሙ ኮከብ በመጣ ጊዜ ነው።

ሬዲዮ ስለ ኮከቡ ማውራት ከጀመረ ወዲህ አገሩ ሰላም አጣ። ከድርቁ የተረፈው ሰው ገና ጉንጩ አልሞላም። ከፊሉ ልጆቹን ቀብሯል፣ ከፊሉ ዘመዱ በሰፈራ ተጭኖ ሄዶበታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰማይ ላይ ጅራት ያለው ነገር ወጣ ሲባል ማን ተረጋግቶ ይተኛል? ሌላ ድርቅ ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ ከአርዲቦ እስከ ውጫሌ ተዳረሰ። እስላሙ ዱአ አስደረገ፣ ክርስቲያኑ ለግሸን ማርያም ተሳለ። የባሰው ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ማሽላ መብላት ጀመረ። ለማይበቅል ነገር ምን ብዬ እቆጥባለሁ ነው የሚለው።

ወሬው ካድሬው ጆሮ ደረሰና ለትምህርት ቤታችን ትእዛዝ መጣ። አንድ መምህር በገበሬ ማህበሩ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ይስጥ ይላል። ዳይሬክተሩ እኔን ላኩኝ፤ ስብሰባው የሚደረገው አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ፣ የአያቴ መንደር ውስጥ ነበርና። ደስ አለኝ። ያሳደገኝ ሰፈር ፊት ቆሜ ዕውቀቴን ማሳየት ነው የፈለግሁት፣ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ድንጋይ አስቀመጥኩና ይህ ፀሐይ ነው አልኩ። በዙሪያው እንደተለጠጠ እንቁላል ያለ መንገድ በዱላ አሰመርኩ። ኮከብ የምትሉት ኮከብ እንኳን አይደለም፣ የበረዶና የአቧራ ክምር ነው። ከፀሐይ ሲርቅ አይታይም፤ ሲቀርብ በረዶው ይተናል፣ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ወደ ኋላ ይበተናል፣ ጅራቱም እሱ ነው። በሰባ ስድስት ዓመት ግድም አንዴ ዞሮ ይመጣል። ባለፈው መጋቢት ሰው የላካቸው መንኮራኩሮች በአጠገቡ አልፈው ፎቶ አንስተውታል፤ ከከሰል የጠቆረ፣ ድንች የመሰለ ነገር ነው አልኳቸው።

«ድንች?» አሉ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ።

«አዎ፣ ቅርጹ ድንች ይመስላል።»

«ታዲያ ምነው አምና በወደቀልን!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከድርቁ ወዲህ እንዲህ የሳቀ ሕዝብ አላየሁም ነበር። ካድሬው ሳቁን ይፍቀደው ይከልክለው ስላልገባው ደብተሩን አገላበጠ።

ሳቁ ሲበርድ አባባ ከወደ ኋላ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። «መምህርት፣» አሉኝ፤ በሰው ፊት ሲሆን እንዲያ ነው የሚጠሩኝ። «ይህ ነገር ባለፈው መቼ ነበር የመጣው?»

«እርስዎ ልጅ ሳሉ ነው አባባ።»

«ከዚያስ በፊት?»

«ያንን ያህል ዘመን ቀድሞ። ከዚያም በፊት እንዲሁ።»

«ሰው ባያየውም ይመጣል?»

«ባያየውም ይመጣል።»

«በጣት ቢጠቁሙትስ?» አሉ።

ሰው እንደገና ሳቀ። እኔ ተናደድኩ። በካድሬው ፊት የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። «ቢጠቁሙትም ቢሰድቡትም መንገዱን አይለቅም!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እሳቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

በዚያ ቀን ማታ ቤታቸው አደርኩ። መግሪብ ሰግደው ከጨረሱ በኋላ ከምንጣፉ ላይ ሳይነሱ ጠሩኝ። ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሌባ ጣታቸውን ያያሉ።

«ሆዴ፣ የቅድሙን ቀልድ አድርገሽ አትያዥብኝ» አሉኝ። «ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አምባሰል ነው የምንኖረው። ያን ጊዜ ኮከቡ እንዲህ ፈልገው የሚያገኙት አልነበረም፤ ጅራቱ ከአድማስ እስከ አናታችን ይደርስ ነበር። ሱብሂ ሳይደርስ፣ ገና ሳይነጋ ነው የሚወጣ። እናቴ ማንም እንዳይወጣ ብላ በሩን ዘግታለች። እኔ ታናሼን አዝየ በጓሮ ወጣሁ። እንዲያይ ብየ ነው፣ ወላሂ። ያውልህ ብየ በዚች ጣት ጠቆምኩለት። እህታችን ከኋላ መጥታ እጄን መታችኝ። ‹ወደሱ የጠቆመ አጠገቡ ያለውን ሰው ያስወስዳል› አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ልጁ ክረምቱ ሳይገባ ታሞ ሞተ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሽታ ነው የገደለው፣ አጉል እምነት ነው ምናምን ብዬ እለፈልፍ ነበር። ያን ማታ ግን ጣታቸውን እያየሁ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«እህቴ ለእናቴ አልነገረች፣ ለማንም አልነገረች። እሷን ባየሁ ቁጥር ግን የምታውቅብኝ ሰው አለች እላለሁ። አምባሰልን ጥየ እዚህ የወረድኩት ለምን መሰለሽ? እሷ እዚያ ስለነበረች ነው። ሸሆቹ ፀሐይና ጨረቃ ለሰው ሞት ብለው አይጨልሙም ሲሉ ሰምቻለሁ። ጅራታም ኮከብን ግን አንድም ቀን ሲያነሱ አልሰማሁ።»

እህታቸውን አውቃቸዋለሁ። በዒድ ሰሞን ማር የሚልኩልን፣ እኛ ግን ሄደን የማንጠይቃቸው፣ እዚያው አምባሰል ውጫሌ የሚኖሩት አክስት ነበሩ። የማንሄደው መንገዱ ስለሚርቅ ነው ይባል ነበር። አምና በድርቁ ወራት አንድ ነጋዴ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ መልእክታቸውን ሰጠኝ። ታምሜያለሁ፣ ወንድሜ ይምጣልኝ፣ አፉ እንባባል፣ ይቅር እንባባል የሚል ነው። ለአባባ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሰምተው ሲያበቁ «መንገዱ አይመችም» አሉ። በዚያ ወራት መንገዱ እውነትም አይመችም ነበርና እኔም አልገፋሁም። ብዙም ሳይቆይ መርዶው መጣ።

«ለምን እንዳልሄድኩ ገባሽ?» አሉኝ። «ሳትሞት ወንድማችንን ገድለኸዋል ልትለኝ መሰለኝ። አፉ ስትለኝም መስማት ፈራሁ። አፉ የምባል ሰው አልነበርኩማ።»

እህታቸው ምን ሊሏቸው እንደነበር ማንም አያውቅም። ምናልባት እጅህን የመታሁህ እኔ ነኝ፣ ያንን ቃል ልጅ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ ሊሉ ይሆናል። 

ሰማዩ ለጥቂት ቀናት ደመና ነበር። ሲጠራ ኢሻ ሰገዱና ሐይቁ ወደሚታይበት ጉብታ ይዣቸው ወጣሁ። ወደ ደቡብ ብዙ ፈልጌ አገኘሁት። ያ ሁሉ ሰው የፈራው ነገር እፍ እንዳሉት ዱቄት የደበዘዘ ነበር፤ ጅራቱም ይኑር አይኑር ያጠራጥራል። እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል፤ ከደማቁ ኮከብ ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ እያልኩ በጡጫዬ ሳመለክት ቆየሁ።

«አየሁት» አሉ በመጨረሻ። «አርጅቷል። እንደኔ።»

ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ፈቀቅ በይ» አሉኝ።

«ምን?»

«ፈቀቅ በይ ሆዴ። ካጠገቤ ራቂ።»

በድንጋይና በዱላ ያስረዳሁት ሁሉ ያንን ያህል ነበር የሠራው። ስብሰባው ላይ የኮራሁበት ዕውቀት አሳፈረኝ። ፈቀቅ አላልኩም፤ ግራ ክንዳቸውን አጥብቄ ያዝኩ። ሊገፉኝ ሞከሩና ጉልበት አጡ። ደጋግመው «ቢስሚላህ» ብለው ጣታቸውን አነሱ። በእርጅና ጎብጦ አልቃና አላቸው። እንዲያው በጎበጠው ጠቆሙት፣ ክንዳቸው እስኪዝል ድረስም አላወረዱትም። ያለቅሱ ነበር። እኔም አለቀስኩ።

እጃቸውን ካወረዱ በኋላ እንደ ቁስል በጋቢያቸው ሸፈኑት። «ይህን ነገር መቼ ነው የተማርሽው?» አሉኝ። «ዞሮ የሚመጣ መሆኑን?»

መዋሸት እችል ነበር። «አስረኛ ክፍል። ደሴ ሳለሁ» አልኩ።

ዓመታቱን እየቆጠሩ መሆኑ ገባኝ። እኔ አስረኛ ክፍል ሳለሁ እህታቸው በሕይወት ነበሩ፣ መንገዱም ይመች ነበር። ከደሴ በመጣሁ ቁጥር የተማርኩትን ሁሉ ስደሰኩርላቸው ይህችን አንዲት ነገር ሳላነሳት ቀርቻለሁ። ትጠቅማቸዋለች ብዬ በምን ልጠርጥር? ጥፋት አይደለም። አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን መልእክቱን ያደረስኩበት ቀን፣ መንገዱ አይመችም ያሉበት ድምፅ፣ እኔም አዎ አይመችም ብዬ የተነሳሁበት ነገር ዓይኔ ላይ መጣ።

«አባባ፣ አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ልጅ ነበርሽ» አሉ ወዲያው። «ምን ታውቂያለሽ?»

ይህን ለማለት ሰከንድ አልፈጀባቸውም። ለእሳቸው ግን ከዚያ ከአምባሰሉ ጓሮ ጀምሮ እንዲህ ያላቸው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ በረዶውንና አቧራውን ስተነትን ከረምኩ እንጂ ይህን አላልኳቸውም።

«እርስዎም ልጅ ነበሩ» አልኳቸው።

ወደ ሐይቁ ዞሩ። «እሷም» አሉ ቀስ ብለው። «እሷም ልጅ ነበረች።»

ከዚያ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት ወረድን። አባባ ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ላሙንም፣ መንገዱንም፣ ጨረቃውንም በጎበጠ ጣታቸው ሲጠቁሙ ኖሩ። እኔ ግን አፉ ብባልም እስከ ዛሬ በጡጫዬ ነው የማመለክተው።