የእትዬ ጠብታ ጥቁር ፊልም

በቤተ ሙከራው ሁሉም «እትዬ ጠብታ» ይሏቸዋል። ሠላሳ ዓመት ብልቃጥ አጥበዋል። ባላቸው ሞተው፣ ልጃቸውም አግብታ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ፣ ቤት ሲገቡ «እንዴት ዋልሽ» የሚላቸው የለም።

እጃቸው ስለማይንቀጠቀጥ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚረሳው ወጣቱ ዶክተር ለአዲሱ ምርምሩ መረጣቸው። ናኖቲዩብ የሚባሉ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎች ተደራርበው ጥቁር ስስ ፊልም፣ ማለትም ሽፋን፣ ሆነዋል። እትዬ ጠብታ በላዩ የጨው ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ መለኪያው የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ ያሳያል። የትንኝ ጉልበት እንኳ አያህልም። ዶክተሩ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ጠብታዋ ስትንሸራተት ነው ስለሚል፣ ፊልሙን በመስታወት ላይ ለጥፎ ያዘነብለዋል።

ሰባት ወር ብቻቸውን አንጠባጠቡ። «አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ነካሽ?» ይሏታል ጠብታዋን። ሌላ ማንን ያናግሩ?

አንድ ቀን ከሰዓት መስታወቱ ተሰበረባቸውና ሌላ ፊልም ስስ ጎማ ላይ ዘረጉ። ጎማው ስለሚታጠፍ ማዘንበሉን ትተው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። ጠብታዋ ካረፈችበት ንቅንቅ አላለችም። መለኪያው ግን ዘለለ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ፣ የጠብታዋ ጠርዝ ፊልሙን ስቦ ዙሪያውን አጨማዶታል።

«ዶክተር፣ ውሃው እኮ አልሄደም። ፊልሙን ነው የሚጎትተው።»

«እትዬ፣ ጠብታ ምን ጉልበት አላት ብለው ነው?»

«ታዲያ ይኼን ማን አጨማደደው? ና እይ እንጂ ልጄ!»

መነጽሩን አውርዶ አየ። በሌላ መስታወት ላይ ሳያዘነብሉ ሞከሩት፤ መስታወቱ አይለጠጥምና መለኪያው እምብዛም አልተነቃነቀም። በጎማው ላይ ደገሙት፤ ዘለለ። ለካ ኤሌክትሪኩ የሚበረታው ፊልሙ ሲወጠር ኖሯል!

ዶክተሩ እቅፍ አደረጋቸው። ከባላቸው ቀብር ወዲህ ያቀፋቸው ሰው ስላልነበረ ክንዳቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

ከሥራ ሲወጡ ለልጃቸው ደወሉ።

«ዛሬ አንድ ነገር አገኘሁ።»

«ምን ጠፍቶሽ ነበር እማዬ?»

«አይ፣ ጠብታ ፊልም ላይ ስታርፍ...»

«ስብሰባ ልገባ ነው እማዬ። እሁድ እደውላለሁ፣ እሺ?»

እሁድ አልደወለችም።

ጥናቱ ሲታተም ዶክተሩ የእሳቸውን ስም ከራሱ ቀጥሎ አሰፈረ። ብዙም ሳይቆይ ዶክተሩን ሌላ ተቋም ወሰደው። እትዬ ጠብታ ወደ ብልቃጣቸው ተመለሱ፤ ጥናቱ ለሁለት ወር ከመሳቢያቸው አልወጣም።

አንድ ቅዳሜ ግን ይዘውት የጎረቤታቸውን የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኩ።

«ይኼ የእርስዎ ስም ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ገጹ ላይ ጣቷን አሳርፋ።

«ነው።»

«ታዲያ በር ላይ ምን ያቆምዎታል? ይግቡና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ እንጂ!»

ገቡ። ልብስ ሰፊዋ እንዲቀመጡ ከወንበሩ ላይ የተቆረጠ ጨርቅ አነሳችላቸው።