ክፍት ቲዩብ ላይ የተጫነ እጅ

ጃርዲያ ሆዱን አምሶት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔና ባልደረባዬ ግን እዚሁ ከተማ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር፣ በጠባብ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሱኑ ስናጠና ልናረጅ ነው። ይህ ተውሳክ ብዙ ካባ አለው፤ ለእያንዳንዱ ካባ ደግሞ አንድ ጂን። የሚለብሰው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ ሰውነታችን ሲለምድበት ይቀይራል። የቀሩትን ጂኖች ዝም የሚያሰኛቸው ምንድን ነው? ባልደረባዬ፣ ጂኑ ከሚልከው መልእክት፣ ከአር ኤን ኤው ጋር ተገጣጥሞ የሚያፍነው ሌላ አር ኤን ኤ አለ ባይ ናት። ዶክትሬቷ የተንጠለጠለው በዚህ ነው። ያሳደገቻቸው ተውሳኮች መብራት እየጠፋ አልቀው፣ የቀራት አስቀድማ ከነሱ ያወጣችው አር ኤን ኤ ብቻ ነበር።

አር ኤን ኤ ደግሞ አመለ ቢስ ነው። ጓንት ያላጠለቀ እጅ ከነካው ይበጣጠሳል።

ያን ጠዋት የመጨረሻውን እጥበት ጨርሳ፣ እንዲደርቅ አር ኤን ኤው ያለባቸውን ቲዩቦች ከፍታ አስቀምጣ ነበር። አባቷ ለወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ከወለጋ መጥተው እዚሁ ሰፈር አርፈዋል፤ ሊጠይቋት ገቡ። ምን እንደምትሠራ ነገረቻቸው። "እንግዲያው እንጸልይበት" አሉና፣ አፋችንን ሳንከፍት ሁለት እጃቸውን ቲዩቦቹ ላይ ጫኑ።

የሚጸልይ አባት አይቋረጥም። እኔ የሳሊተ ምሕረት ልጅ፣ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ይህ ግን አይጠፋኝም። ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያን ቀን ግን ነቀዘ። በኦሮምኛ ረዥም ጸሎት ጸለዩ፤ ብዙውን አልሰማሁትም። እሷ ዓይኗን ጨፍና "አሜን" ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ፈተሽነው። ጥርት ብለው መታየት የነበረባቸው መስመሮች ጭጋግ ሆነዋል፤ አር ኤን ኤው ተበጣጥሷል። በሰውየውም በእሷም ተናደድኩ።

"ምናለ አንድ ቃል ብትተነፍሺ!" አልኳት። ድካሙ ድምፄን አሻክሮታል።

ስልኳ ጮኸ። የአባቷ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

"ልጄ፣ ሥራው እንዴት ሆነልሽ?"

"ተሳክቷል አባዬ። ይባረኩ።"

ስልኩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እጃቸው ሲያርፍ ማለቁን አውቄዋለሁ" አለችኝ። "አሜን ያልኩት ግን ከልቤ ነው። እስከ ዛሬ የሚጸልዩልኝ ባል እንዳገኝ ብቻ ነበር።"