የመህሬ ስልክ

ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ሲደርስ የኔን ስልክ ታጣቂዎች ነጠቁኝ፤ የእጮኛዬን ባጃጅ ደግሞ ይዘውበት ሄዱ። ሰላም ሲሆን ኒካህ እንሰር ተባባልንና ለመህር፣ ሙሽራው ለሙሽሪት ለሚሰጠው ስጦታ፣ ስልክ ጠየቅሁት። ከደሴ ያገለገለ፣ ተጠግኖ የታደሰ ስልክ ይዞልኝ መጣ። ገና ሳልጠይቀው፣ ባትሪውና መስታወቱ ተቀይሯል፣ ለአዲስ አቅሜ አልቻለም አለኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን ይበልጥ ወደድኩት።

አባቴ ስለሞተ ኒካሁን የሚያስርልኝ አጎቴ ነበር፤ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚነግድ፣ ከምንም በላይ ለስሙ የሚሳሳ ሰው። በኒካሁ ቀን ስልኩ ሲቀርብለት አገላብጦ አየና ካርቶኑ የታለ አለ። ያገለገለ መሆኑን ሲሰማ ቤቱን ቀወጠው። የወንድሜን ልጅ ሰው በጣለው ዕቃ? አገር ምን ይለኛል? አዲስ ከነካርቶኑ ካልመጣ ኒካህ የለም ብሎ ቁጭ። ሼኹ ቢለምኑት አሻፈረኝ አለ። ሙሽራውን ላብ አጠመቀው። ከአምባሰል የመጡት የሙሽራው ሽማግሌዎችም ለመነሳት ጋቢያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

እኔ ጓዳ ሁኜ በመጋረጃው ጥግ አያለሁ፣ እሰማለሁ። በኛ ዘንድ ሙሽራ አትናገርም፤ ዝምታዋ እሺታ ነው። እናቴም ክንዴን ይዛ ዝም በይ ትለኛለች። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ባል ግን ያመልጣል! ደግሞ እኮ አጎቴ ራሱ አምና አዲስ ብሎ ከነካርቶኑ የገዛው ስልክ ክረምቱ ሳይወጣ ቻርጅ አልቀበልም ብሎ ቀርቷል፤ ሻጩም አላውቅህም ብሎታል። የኔን ግን የደሴ ጠጋኞች ከፍተው፣ አይተው፣ የደከመውን ቀይረው ነው የሸጡት። ደሜ ፈላ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

"አጎቴ፣ አፉ ይበሉኝ፤ መህሩ የኔ እንጂ የርስዎ አይደለም። እኔ ወድጄ ተቀብያለሁ። አዲስ ስልክ ካማረዎ ለራስዎ ይግዙ።"

እናቴ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሼኹ ግን፣ መህሩ የሷ ነው፣ እሷ ከወደደች ማንም አይከለክላትም አሉ። ወደኔ ዞረው፣ "ወደሽ ነው?" ሲሉኝ፣

"ወድጄ ነው፣ ሼኽዬ" አልኩ።

ከዚያ አጎቴና ሙሽራው እጅ ለእጅ እንዲያያዙ አዘዙ፤ ኒካህ ሲታሰር ወጉ ነው። አጎቴ እጁን ዘረጋ፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳ አዞረ። ይዙር! ኒካህ የሚታሰር በእጅ ነው።