በሁለቱም ቤት የሚበላው ሰው

ጀውሃ ላይ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ፈረንጅ፣ አናቷ ቀይ ዙሪያዋ ጥቁር የሆነች ትንሽ የአገሩን ቆብ ያደርጋል። በዚያ ሁሉ ሙቀት አውልቋት አያውቅም። ሰው «ዩጎዝላቩ» ይለዋል፤ እሱ ግን ከዩጎዝላቪያ ውስጥ የተወለደበትን ግዛት ጠርቶ «ሞንቴኔግሮ» ብሎ ያርማል።

ምሳውን አንድ ቀን እትዬ ጌጤ ምግብ ቤት የክርስቲያን ሥጋ፣ በጾም ደግሞ ሽሮ ይበላል። በማግስቱ አስፋልቱን ተሻግሮ እትዬ ሙሀባ ቤት የእስላም ሥጋ ይበላል። እዚህ አገር ሁሉም የሚበላው ወገኑ ያረደውን ስለሆነ ነገሩ ለሰው ግራ ነው። በመጨረሻ እትዬ ጌጤ አላስችላቸው አለ።

«ለመሆኑ አንተ የማን ወገን ነህ?»

ከሠራተኞቹ በለቀመው አማርኛ መለሰ።

«አያቶቻችን ሲያወሩ፣ ድሮ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ያንዱ ልጆች እኛ ነን፣ ክርስቲያን፤ ሰርቦችም ዘመዶቻችን ናቸው። የሌላው ልጆች አልባኖች ሆኑ፣ እስላም። ታዲያ ወንድሜ ያረደውን እንዴት አልበላም ልበል?»

እትዬ ጌጤ ወጥ ጨመሩለት። የእሳቸውም አያት ሼህ ነበሩ ይባላል።

በሰባ ሦስት ዓ.ም. መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ ፈረንጁ ጠዋቱን ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ አረፈደ። «እኛ አገር፣ ኮሶቮ የሚባል ግዛት ላይ፣ አልባኖች ሰልፍ ወጡ፤ የእኛ ፖሊሶች ተኮሱባቸው» አለ ለሠራተኞቹ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከሁለቱም ቤት አልገባም። አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደረቅ ዳቦ ይገምጣል።

«ምነው፣ ና እንጂ ብላ!» አሉት እትዬ ሙሀባ ከበራቸው።

«ዛሬ የማንንም አልበላም።»

ቆቡ ጉልበቱ ላይ ነበረች።