ቤቴን ሊያዩ የመጡ ዕለት

በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ ነሐሴ ላይ ነው። ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

የደም ካንሰር እንዳለባት ሐኪሙ የነገረኝ ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። ካርዱን ትቶ እኔን እያየ ነገረኝ። «ይህኛው ዓይነት መድኃኒት አለው» አለ። «በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ነው፣ መቋረጥ የለበትም።» እኔ «መድኃኒት አለው» የሚለውን ብቻ ይዤ ፈጣሪዬን አመስግኜ ወጣሁ። ዋጋውን የሰማሁት መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። ያስተናገደኝ ልጅ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

የመጀመሪያውን ብልቃጥ የገዛሁት የአንገት ወርቄን ሸጬ ነው። ክኒኑን ስትጀምር ፊቷ ተመለሰ። በላች፣ ሳቀች፣ ከጓደኞቿ ጋር ደጅ ወጣች። በእውነት መፍራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በፊት የምፈራው በሽታውን ነበር፤ አሁን ብልቃጡን ፈራሁት። ጠዋት ጠዋት ስታነሣው የክኒኖቹ ድምፅ እየሳሳ ሲሄድ ይሰማኛል። ፊቴን አዙሬ ሥራ የያዝኩ እመስላለሁ።

ሐኪሙ ወደ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ላከኝ። መግዛት ለማይችል በሽተኛ ክኒኑን ከውጭ እያስመጣ በነፃ የሚሰጥ ነው። የሐኪሙን ደብዳቤ አቀረብኩ። አቅም እንደሌለኝ የሚመሰክር ወረቀትም ከቀበሌ አመጣሁ። «አንድ ነገር ቀረ» አሉኝ። «ሠራተኛችን መጥታ ቤትዎን ታያለች። መድኃኒቱ ጥቂት ነው፣ ጠያቂው ብዙ። ያለው ሰው የሌለውን እንዳይሻማ ነው።» ሐሙስ ከሰዓት ትመጣለች ተባልኩ።

ረቡዕ ማታ ቦኖ ውሃ ስቀዳ ጎረቤቴን አገኘኋቸው። በአንድ ግድግዳ የምንጎራበት ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። በእድራችን ድንኳን ሲተከል ድስትና ሳህን የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ነገ ከሰዓት ከማኅበሩ ቤቴን ሊያዩ ይመጣሉ። ይጸልዩልኝ» አልኳቸው።

«ቤትሽን?» አሉና ጀሪካናቸውን አስቀመጡ። «በይ አይዞሽ። እኛ ምን ሠርተን እንበላለን!»

ሌላ አልተናገርኩም። ድሮም ቃል አላበዛም።

በማግስቱ አብነት ሰፈር ከምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት አስፈቅጄ በጊዜ ወጣሁ። እዚያ የሸሚዝ ቁልፍ እተክል ነበር። ዝናቡ አላቋረጠም። ጌጃ ሰፈር ስደርስ ነጠላዬ ርሶ ከላዬ ተጣብቋል። በሬን ገፋ አድርጌ ስገባ የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ቤቴ የቀበሌ ቤት ናት፣ አንድ ክፍል። አልጋ፣ ሣጥን፣ ዱካ፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ላይ ባልዲ። ያን ቀን ግን መስኮቱ ላይ የዳንቴል መጋረጃ ተሰቅሏል። የእትዬ ቡናማ ሶፋ ግድግዳውን ሞልቶታል። ሣጥኔ ላይ ጥልፍ ተነጥፎ ቴሌቪዥናቸው ተቀምጧል። ባልዲው የለም። ልጄ የሰው ሹራብ ለብሳ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ደስ ብሏታል። እትዬ ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ብርጭቆ ይወለውላሉ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ። «ሠርግ ቤት አላስመሰልነውም?»

«እትዬ፣ ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናድርግ ታዲያ! የተከበረ እንግዳ መጥቶ ከባልዲ ጋር ልታስቀምጪው ነበር? ሰፈሩን ልታሰድቢ!»

«የምትመጣው ድህነቴን ልታይ ነው» አልኩ። «ያለኝ ከመሰላት መድኃኒቱን ይከለክሏታል።»

አንደኛዋ ጎረቤቴ አፏን በእጇ ይዛ «ውይ! ገደልናት!» አለች። ልጄ ከሶፋው ላይ ብድግ አለች። የሰውን ሹራብ ማውለቅ ጀመረች።

«ምን ትገተራላችሁ፣ አንሡ!» አሉ እትዬ።

አንዷ ቴሌቪዥኑን በላስቲክ ጠቅልላ አቀፈች። እኛ ሦስታችን ሶፋውን አነሣን። በሩ ላይ ተቀረቀረ።

«ወደ ግራ!»

«በየትኛው ግራ?»

«ግራ ስንት አለ አንቺ!»

ሶፋው ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ እንዳለ ቀና ስል ጥቁር ጃንጥላ አየሁ። ሥሩ አንዲት ቀጭን ወጣት ቆማለች፣ ክላሰር አቅፋ። ሶፋውን አየች። ቴሌቪዥኑን አየች። ከዚያ እኔን።

«የበሽተኛዋ ቤት ይህ ነው እናቴ?»

«አዎ።»

«የምታሸሹት ዕቃ የማን ነው?»

«የጎረቤቶቼ ነው። ዛሬ ነው ያመጡት።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉን» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ባለፈው የሄድኩበት ቤት ፍሪጁን ጎረቤት አስቀምጠው ነው የጠበቁኝ።» ክላሰሩን ከፍታ እስክሪብቶዋን አወጣች።

ልማልላት አሰብኩ፤ ግን ለሶፋ ብዬ የእመቤቴን ስም መጥራት ከበደኝ። ዞር ስል ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ጤነኛ መስላለች። መድኃኒት የጠገበ ፊት ነው። ይህ ፊት በስንት ጊዜ እንደሚጠወልግ ሐኪሙን ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን ስለፈራሁ። ዝናቡ ላይ ቆሜ በልቤ «ልጅሽን ለምኝልኝ» ከማለት በቀር የማደርገው አጣሁ።

እትዬ ሶፋውን ለቀቁት። ወጣቷን ክንዷን ያዙ።

«ነይ የኔ ልጅ።»

«ወዴት?»

«ቤቴ። ሶፋው ከየት እንደተነሣ ታይዋለሽ።»

ተከትያቸው ገባሁ። የእትዬ ባለቤት ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸውን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተክለው። ማን እንደገባ ዞረው አላዩም።

«መለሳችሁት? ‹ለአንድ ሰዓት ነው› ብለሽ አይደል የወሰድሽው? እግሬ ደነዘዘ እኮ!»

«እንግዳ አለ፣ ዝም በል።»

«እንግዳ? የት ሊቀመጥ? መቀመጫ የፈለገ እዚያች ቤት ሄዶ ሶፋዬ ላይ ይቀመጥ! ደግሞ ቴሌቪዥኑን በዝናብ ተሸክማችሁ ብትመጡ አልቀበላችሁም። የሞተ እንደሆነ ኳሱን አንቺ ነሽ የምትጫወቺልኝ!»

ወጣቷ አፏን በክላሰሩ ከልላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እትዬም አልሳቁም። ሶፋው የነበረበትን ግድግዳ ያያሉ። ጭቃው ተራግፎ ጭዱና እንጨቱ ወጥቷል፤ ስንጥቁ በካርቶን ተወትፏል። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ቤት ስገባ ስወጣ ያን ግድግዳ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ይኸውልሽ ጉዳችን» አሏት ቀስ ብለው። «አሁን ደግሞ የሷን እዪ።»

ወደ እኔ ቤት ስንመለስ ልጄ ባልዲውን ከተደበቀበት አውጥታ ቦታው መልሳዋለች። ወጣቷ በሩን በዘጋው ሶፋ ላይ ተሻግራ ገባች፣ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ጣሪያውን አየች። ልጄን ስለ ትምህርቷ ጠየቀቻት። ከዚያ ብልቃጡን አምጪ አለቻት። ሳትከፍተው ወዘወዝ አደረገችው። ድምፁን ሰማችው። መልሳ ሰጠቻትና ለረጅም ጊዜ ጻፈች።

«ነገ ጠዋት ቢሮ ይዘዋት ይምጡ» አለችኝ።

«ተፈቀደልኝ ማለት ነው?» አለች ልጄ።

«እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። የሚወስኑት ሌሎች ናቸው።» በር ላይ ስትደርስ ወደ እትዬ ዞረች። «እትዬ፣ አደራ፣ ሌላ በሽተኛ ቤት ስሄድ እንዳይቀድሙኝ።»

እትዬ ዕቃቸውን እየመለሱ ይቅር በይኝ ይሉኝ ነበር። እጃቸውን ሳምኩ። ስለዚያ ግድግዳ ግን እኔም አላነሣሁም፣ እሳቸውም አላነሡም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ እስከ ዛሬ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ቢሮው ገና አልተከፈተም። በረንዳው ላይ ከሌሎች እናቶች ጋር ቆመን ጠበቅን። ስማችን ሲጠራ ልጄ ናት ጎትታ ያስገባችኝ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ሰውዬ የወጣቷን ጽሑፍ እንደገና አነበቡ፤ ከዚያ ካቢኔቱን ከፍተው አዲስ ብልቃጥ አወጡ። «በየወሩ እየመጣሽ ትወስጃለሽ» አሏት። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ከምግብ በኋላ እንድትወስደው ደግመው ነገሩን። ማልደን ስለወጣን የዕለቱን ክኒን ገና አልዋጠችም ነበር።

ፍልሰታ ነበር። የንስሐ አባታችን እንዳትጾም ፈቅደውላታል፤ ቤት በር ዘግታ ነበር የምትበላው። እዚያ ግን አፈረች። «እማዬ፣ ሰው ያየኛል» አለች በሹክሹክታ።

በረንዳው ጥግ ወሰድኳት። ነጠላዬን ዘርግቼ ጋረድኳት፣ ከቤት የያዝኩላትን ዳቦ ቆርሼ አጎረስኳት። አላምጣ እስክትጨርስ ጠበቅሁና ክኒኑን መዳፏ ላይ አደረግሁላት።